አጥንት ከአጥንት ሲገናኝ

አንድ አዋቂ ሰው 206 አጥንቶች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ ከሌላ አጥንት ጋር የማይገጥመው በምላስ ሥር፣ ከማንቁርት በላይ ያለች አንዲት ትንሽ አጥንት ብቻ ናት። የቀሩት በሙሉ ከጎረቤታቸው ጋር ይገናኛሉ፤ የሚገናኙበትን ቦታ መገጣጠሚያ እንለዋለን።

ተማሪዎች ይህን ትምህርት ብዙ ጊዜ በሽምደዳ ይይዙታል፤ ከፈተና በኋላም ስሞቹ ይጠፋሉ። እኔ ግን አንዲት ሐሳብ ብቻ እንድትይዙ እፈልጋለሁ። መገጣጠሚያ ብዙ የመንቀሳቀስ ነጻነት ካገኘ ጽናቱ ይቀንሳል፤ ጸንቶ እንዲቆም ከተሠራ ደግሞ እንቅስቃሴው ይገደባል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህች ሐሳብ ዝርዝር ነው።

ዝም ያሉትና በጥቂቱ የሚንቀሳቀሱት

የራስ ቅል የተሠራው ጠርዛቸው ጥርስ ጥርስ ሆኖ እርስ በርሱ በተያያዘ ጠፍጣፋ አጥንቶች ነው። በአዋቂ ሰው እነዚህ መጋጠሚያዎች አይንቀሳቀሱም፤ አንጎልን መጠበቅ ነው ሥራቸው። በሕፃን ላይ ግን ገና አልተዘጉም። እናቶች በእጃቸው የሚዳስሱት እርግብግቢት አጥንቶቹ ያልደረሱበት ክፍት ቦታ ነው። በዚህ የተነሣ የሕፃኑ ራስ በወሊድ ጊዜ ጠበብ ብሎ ማለፍ ይችላል፤ አንጎሉም ሲያድግ ቦታ ያገኛል። የፊተኛው እርግብግቢት በአብዛኞቹ ልጆች እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ይዘጋል።

አከርካሪ መካከለኛ ነው። በአጥንቶቹ መካከል 23 ዲስኮች አሉ። እያንዳንዱ መጋጠሚያ የሚፈቅደው ጥቂት ነው፤ ተደምሮ ግን ጎንበስ፣ ቀና፣ ዞር እንድንል ያስችለናል። ዲስኮቹ ቀኑን ሙሉ ክብደት ተሸክመው ውኃቸው ስለሚቀንስ ጠዋት የተለካ ቁመት ማታ ከተለካው በአንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይበልጣል።

በነጻነት የሚንቀሳቀሱት ምን አላቸው?

ክርን፣ ጉልበት፣ ትከሻ፣ ዳሌ፣ ጣት፤ መገጣጠሚያ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጡት እነዚህ ናቸው። የአጥንቶቹ ጫፍ ካርቲሌጅ በሚባል ልስልስ ነጭ ሽፋን ተለብጧል። ዙሪያውን የሚያሽግ ከረጢት አለ፤ በውስጡም ወፍራምና የሚያዳልጥ ጥቂት ፈሳሽ። ጣታችንን ስናንቋቋ የምንሰማው ድምፅ በዚሁ ፈሳሽ ውስጥ ከሚፈጠር የጋዝ አረፋ ጋር የተያያዘ ነው፤ አጥንት ከአጥንት ተጋጭቶ አይደለም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ካርቲሌጅ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከፈሳሹ ነው፤ ፈሳሹን ወደ ውስጥ የሚያስገባውም ስንራመድና ስንተጣጠፍ የሚፈጠረው መጨመቅና መላላት ነው። በጄሶ ለሳምንታት ታስሮ የቆየ እጅ ሲፈታ ደርቆ የምናገኘው፣ ሐኪሙም «አንቀሳቅሰው» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ክርን፦ ሁለት ሥራ በአንድ ቦታ

ክርን እንደ በር ማጠፊያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ታዲያ መዳፋችንን እንዴት እንገለብጣለን? ክርናችሁን ጠረጴዛ ላይ አስደግፉና መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጉ፤ ከዚያ ወደ ታች ገልብጡት። ክርኑ ከቦታው አልተነቃነቀም። ከክርን እስከ እጅ አንጓ ሁለት አጥንቶች አሉ። መዳፍ ወደ ላይ ሲሆን ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ ሲገለበጥ በአውራ ጣት በኩል ያለው በሌላው ላይ ተሻግሮ ይጋደማል። ጀበና አንሥታችሁ ቡና ስትቀዱ፣ ቁልፍ ስታዞሩ የሚሠራው ይኸው ነው።

ተመሳሳይ የመሽከርከር ሥራ አንገት ውስጥም አለ። ራሳችንን «አዎ» ብለን ስንነቀንቅ የሚንቀሳቀሰው በራስ ቅልና በመጀመሪያው የአንገት አጥንት መካከል ያለው መጋጠሚያ ነው። «አይ» ስንል ግን የመጀመሪያው በሁለተኛው ዙሪያ ይዞራል። አንገታችን ከሚዞረው ግማሽ ያህሉ ከዚህ አንድ ቦታ ይመጣል።

አውራ ጣትና እንጀራ

የአውራ ጣት መነሻ የኮርቻ ቅርጽ አለው። ሁለቱ አጥንቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ጎድጉደው ስለሚገጥሙ አውራ ጣት ወደ ፊት፣ ወደ ጎንና ከሌሎቹ ጣቶች ፊት ለፊት መምጣት ይችላል። እስኪ ያለ አውራ ጣት እንጀራ ቆርሳችሁ ወጥ ለመጠቅለል ሞክሩ። የመገጣጠሚያ ትምህርት በሙሉ በዚያች ሙከራ ውስጥ አለ።

ትከሻና ዳሌ

ሁለቱም ክብ ራስ በጎድጓዳ ውስጥ የሚገባባቸው ናቸው፤ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሄዳሉ። ልዩነታቸው የጎድጓዳው ጥልቀት ነው። የዳሌ ጎድጓዳ ጥልቅ ስለሆነ የጭን አጥንትን ራስ አቅፎ ይይዘዋል። ጤነኛ አዋቂ ዳሌው የሚወልቀው እንደ መኪና አደጋ ባለ ከባድ ኃይል ነው። የትከሻ ጎድጓዳ ግን ጠፍጣፋ ሊባል ምንም አልቀረው፤ በማንኛውም ጊዜ ከጎድጓዳው ጋር የሚነካካው የክቡ ራስ ክፍል ከሲሶ አይበልጥም። አጥብቀው የሚይዙት ጅማቶችና ጡንቻዎች ናቸው። ከትልልቅ መገጣጠሚያዎች ሁሉ በብዛት የሚወልቀው ትከሻ የሆነው ስለዚህ ነው።

እስክስታ ሲመታ ግን ዋናው ሥራ የዚህ መገጣጠሚያ አይደለም። ተወዛዋዡን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ክንዱ ዘና ብሎ ሳለ ትከሻው ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይ ይፈናጠራል። የሚንሸራተተው ከጀርባ በኩል ያለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ነው። ይህ አጥንት ከጎድን አጥንቶች ጋር ተገጣጥሞ የታሰረ ሳይሆን በጡንቻ ተይዞ በላያቸው ላይ የሚሄድ ነው። ክንድ ከደረት አጥንት ጋር በአጥንት የሚገናኘው ከአንገት ግርጌ በአግድም በተዘረጋው ቀጭን አጥንት በኩል ብቻ ነው። እስክስታን ያስቻለው ይህ ልል አሠራር ነው።

ጉልበት

ጉልበት በዋናነት ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ ሲታጠፍ ግን ትንሽ መዞርም ይችላል። ቁጭ ብላችሁ እግራችሁን አጥፉና ጣቶቻችሁን ወደ ግራና ቀኝ አዙሩ፤ ጉልበታችሁ ይፈቅዳል። ቆማችሁ ቀጥ ካደረጋችሁት ይቆለፋል፤ የሚዞረው ዳሌ ይሆናል። ኳስ ተጫዋች እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ድንገት ሰውነቱን ሲያዞር የጉልበት ጅማት የሚበጠሰው ከተፈቀደለት በላይ እንዲዞር ሲገደድ ነው።

ጉልበት የአገራችንን ታሪክም ይነካል። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ዶናልድ ዮሐንሰን በ1973 እ.ኤ.አ. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ያገኘው ቅሪት የጉልበት መገጣጠሚያ ነበር፤ ዕድሜው ወደ 3.4 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። የጭኑ አጥንት እንደ እኛው ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነበር። ይህ ዝንባሌ እግርን ከሰውነት ክብደት በታች ስለሚያመጣ በሁለት እግር ለሚሄድ ያስፈልጋል፤ በቺምፓንዚ ላይ አይታይም። ድንቅነሽ ከመገኘቷ ከአንድ ዓመት በፊት፣ ቀጥ ብሎ የሚራመድ ፍጡር እንደነበረ በአንዲት ጉልበት ታወቀ።

እንቅስቃሴን በስሙ መጥራት

ማጠፍ በሁለት አጥንቶች መካከል ያለውን ማዕዘን ማጥበብ ነው፤ መዘርጋት ማስፋት። ክንድን ከጎን ማንሣት ማራቅ፣ መመለስ ማቅረብ ይባላል። አጥንት በራሱ ዘንግ ሲዞር መሽከርከር ነው። በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የሚሰግድ ሰው ብዙዎቹን በአንድ ጊዜ ያሳያችኋል፦ ዳሌና ጉልበት ይታጠፋሉ፣ መዳፍ መሬት ሲነካ የእጅ አንጓ ወደ ኋላ ይለመጣል፣ ክርን ይታጠፋል፣ የእግር ጣቶች ሽቅብ ይቀለበሳሉ።

ወለምታና ውልቃት

ወለምታ አጥንቱ ከቦታው ሳይወጣ ጅማት ሲለጠጥ ወይም ሲበጠስ ነው፤ ውልቃት ግን አጥንቱ ከጎድጓዳው ወጥቶ ሲቀር። በዓይን መለየት ያስቸግራል፤ ስብራትም አብሮ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ሳይታይ መታሸትም መጎተትም የለበትም። ቀርከሃ አድርጎ አጥብቆ ማሰር ደም አግዶ ሥጋ አበስብሶ እጅና እግር ያስቆረጣቸው ብዙ ናቸው። ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፤ ታማሚውም ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ለወላጆች አንድ ልመና አለኝ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ክርን ላይ በአውራ ጣት በኩል ያለውን አጥንት የሚይዘው የጅማት ቀለበት ገና ልል ነው። ልጁን በአንድ እጁ አንጠልጥላችሁ ብታነሡት ወይም መንገድ ስታሻግሩ ድንገት ብትስቡት አጥንቱ ከቀለበቱ ሊሾልክ ይችላል፤ ልጁም እጁን ማንሣት ይተዋል። እባካችሁ ልጅ ስታነሡ ከብብቱ ሥር በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ አንሡ።