የአያቴን ሳይክል ቀለም ላስቀባው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ከአያቴ ዕቃዎች መሃል «ሽዊን» የሚል አሮጌ ሳይክል አገኘሁ። አሜሪካ ሠራሽ ነው? ቀለም ላስቀባውና ጎማውን ልቀይር አስቤአለሁ።

መልስ፦ ቀለሙን ይተዉት! ሰብሳቢ የሚፈልገው የፋብሪካውን ቀለም ነው፣ የተላጠም ቢሆን። ዘይት በነካ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ብርጭቆ ወረቀት አያስነኩት።

ሽዊን በ1895 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ የተቋቋመ ፋብሪካ ነው። ዕድሜውን ለማወቅ ሳይክሉን ይገልብጡት። ቁጥሩ የተመታው ፔዳሉ ከሚዞርበት ቋት ሥር ከሆነ ከ1952 በፊት የተሠራ ነው፤ በግራ በኩል ከኋላ ጎማ ብሎን አጠገብ ከሆነ ከ1952 እስከ 1970 ድረስ ባለው ጊዜ።

ጣጣው ጎማው ላይ ነው። አሮጌው ጎማ «26 × 1 3/4» የሚል ከሆነ፣ ታይዋን ገበያ ወርደው «26 × 1.75» እንዳይገዙ። በሒሳብ አንድ ናቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው የሚቀመጥበት ቸርኬ 571 ሚሊሜትር፣ የሁለተኛው 559 ነው። ጠባቡ ጎማ በመዶሻም አይገባም።

የድሬ ደረቅ አየር ብረቱን ከዝገት ይጠብቅልዎታል፤ ፀሐዩ ግን ላስቲክና የቆዳ ኮርቻ ይሰነጥቃል። ጥላ ውስጥ ያቁሙት። ማርሽ ከሌለው ደግሞ አይዘኑ፣ ከዚራ ሜዳ ነው።