እናትዎ ለምን በጊዜ ይተኛሉ?

«ልጄ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ናት፤ የምንኖረው ሰበታ ነው። እስከ 8ኛ ክፍል የተማረችው በአፋን ኦሮሞ ነው። ጎበዝ ናት፤ እንግሊዝኛዋ ብቻ ያሳስበኛል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በተነሳ ቁጥር እንቅልፍ አጣለሁ። ሥራዬ አዲስ አበባ ስለሆነ ቤት የምደርሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው። ያለችንን ትንሽ ጊዜ ላለማባከን፣ ከእራት በኋላ በቤታችን ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ እንዳይነገር ደንብ ካወጣሁ ሦስት ወር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ማታ ማታ ጸጥ ብሏል፤ እናቴም በጊዜ መተኛት ጀምረዋል፤ ለጥናት ተመችቷል። ልጅቷ ግን እምብዛም ለውጥ አላሳየችም። የትኛውን መጽሐፍ ልግዛላት? አስጠኚ ልቅጠር? በቀን ስንት ሰዓት ትለማመድ?»

የሰበታው አባት

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስለ መጽሐፉና ስለ አስጠኚው ልመልስልዎ ነበር። ነገር ግን ከደብዳቤዎ አንዷ ዓረፍተ ነገር አላሳልፍ አለችኝ። «ከዚያ ወዲህ ቤታችን ማታ ማታ ጸጥ ብሏል፤ እናቴም በጊዜ መተኛት ጀምረዋል፤ ለጥናት ተመችቷል» ይላሉ። የጻፏት እንደ መልካም ወሬ ነው። እኔ ግን ከደብዳቤው ሁሉ ያስደነገጠችኝ እሷ ናት።

እናትዎ ለምን በጊዜ እንደሚተኙ ጠይቀዋቸው ያውቃሉ? ዕድሜ ነው እንዳይሉ፣ የጀመሩት ከደንቡ ወዲህ ነው። ቀኑን ሙሉ ቤት ሲጠብቁ የዋሉ ሰው ልጃቸው እስኪገባ፣ የልጅ ልጃቸው ደብተሯን አስቀምጣ አጠገባቸው እስክትቀመጥ ይጠብቃሉ። አሁን የምትጠበቀው ሰዓት ስትደርስ በገዛ ልጃቸው ቤት የተፈቀደላቸው ቃል የለም። ስለዚህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኛሉ። ተቆጥተው ይሆናል አልልም፤ ምናልባት «ለልጅቷ ይበጃል» ብለው በደስታ አድርገውት ይሆናል። እሱ ደግሞ ይብሳል።

ሌላው የቤቱ ሰውስ? ባለቤትዎ በእንግሊዝኛ ስለ ጤፍ ዋጋ ሊነግሩዎት ይችላሉ? እርስዎስ? በ«ጉድ ኢቭኒንግ» እና በ«ሃው ወዝ ስኩል» መካከል ለልጅዎ የሚሏት ምን አለ? ፈተናው እርስዎን እንቅልፍ እንደሚነሳዎት ለእኔ ጽፈውልኛል። እሷንስ ይነሳት እንደሆነ ያውቃሉ? ደብዳቤው ውስጥ ፈለግኩት፤ የለም። ሊኖርም አይችልም፤ የምትነግርዎትን ሰዓት ዘግተውባታል።

ይህን የምለው ከላይ ሆኜ አይደለም። የእንግሊዝኛ መምህር በነበርኩበት ጊዜ ክፍሌ ውስጥ ይኸው የእርስዎ ደንብ ነበረኝ። በሌላ ቋንቋ የተናገረ ተማሪ ሃምሳ ሳንቲም ይቀጣል። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ እኔም በጸጥታው ኮራሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ መስከረም ላይ ጥያቄ የማያልቅበት ልጅ ነበር። ግንቦት ላይ የቅጣቱን መዝገብ ሳገላብጥ የእሱ ስም አንድም ጊዜ እንዳልሰፈረ አየሁ። ላመሰግነው አስቤ ነበር። ቆየት ብዬ ሳስታውስ ግን ከጥቅምት ወዲህ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያ መዝገብ ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም፤ «ለጥናት ተመችቷል» የሚለውን ሳነብ መጀመሪያ የታየኝም እሱ ነው።

ፍርሃትዎን አላቃልለውም። በ2014 ዓ.ም. ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ብዙ ልጆቻችን ሻንጣ ይዘው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እያደሩ የተፈተኑት ፈተና ነው፤ የትኛው አባት ነው የማይፈራ? በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጀምረው ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ በእንግሊዝኛ እንዲማሩ ወሰነ። የእርስዎም ልጅ 9ኛ ክፍል ስትገባ ፊዚክሱም ታሪኩም በአንድ ክረምት ቋንቋ ቀየሩባት። ያንን ተሻግራ «ጎበዝ ናት» የምትባል ልጅ ናት፤ ይህን ነግረዋት ያውቃሉ?

ደንቡ ለፈተናው እንኳ አይጠቅምም። የእንግሊዝኛው ወረቀት ምርጫ ነው፤ ማንም «ተናገሪ» አይላትም። ንግግር የሚባለው ክፍል እንኳ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ በጽሑፍ አቅርቦ የጎደለችውን መልስ ምረጡ የሚል ነው። ከባዱ ምንባቡ ነው። ጸሐፊው በግልጽ ያላለውን ምን ማለቱ እንደሆነ ይጠይቃል፤ «እሱ» ወይም «ያ» የተባለው ማን እንደሆነ ይጠይቃል፤ የሐሳቡ እምብርት የቱ ጋ እንዳለ ይጠይቃል። ይህን መለማመድ የሚቻለው በእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። እናትዎ ሂቦ፣ የኦሮሞን እንቆቅልሽ፣ ያውቃሉ ብዬ እገምታለሁ። አንዱን ነገር ጠርተው ሌላውን ያመለክታሉ፤ ልጅቷ የተደበቀውን ታወጣለች። ተረት ሲነግሯት መጨረሻውን ቀድማ ትገምታለች፤ ስትስት «አይደለም፣ ቅድም ምን አልኩሽ?» ብለው ወደ ኋላ ይመልሷታል። እንግሊዝኛውን እናትዎ አያስተምሯትም፤ ያልተነገረውን ፈልጎ ማግኘትን ግን ከአኮ፣ ከአያቷ፣ የተሻለ የሚያስተምር አስጠኚ ሰበታ ውስጥ አያገኙም። እሳቸውን ነው በጊዜ ያስተኟቸው።

ለጠየቁኝ መልሱ አጭር ነው፦ ያለፉትን ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ሰዓት ይዛ ትሥራ፤ የሳተችውን ጥያቄ ለምን እንደሳተችው በገዛ ቋንቋዋ ታስረዳዎ።

ከቡራዩና ከሱሉልታም ይህን የመሰሉ ደብዳቤዎች ይደርሱኛል። ጸሐፊዎቹ ልጁ ሳይነቃ ወጥተው፣ አስኮ ወይም አዲሱ ገበያ ታክሲ ተሰልፈው፣ መሽቶ የሚገቡ ወላጆች ናቸው፤ ቀኑ ከልጃቸው ጋር የሚሰጣቸው ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ሁሉም በዚያች ሰዓት ምን እንሥራ ይሉኛል። ዝም ብለው አብረው መቀመጥ እንደ ብክነት የሚቆጠረው ከመቼ ወዲህ ነው? እርስዎ ከአየር ጤና ጀምሮ ቆመው የመጡባት ሰዓት ናት፤ ለፈተና ሰሌዳ አሳልፈው አይስጧት። ልጅቷ ፈተናውን ብታልፍ ሰሜን ወይም ደቡብ አንዱ ግቢ ልትመደብ ትችላለች፤ ያን ጊዜ ቤቱ ያለ ደንብ ጸጥ ይላል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ደንቡን ያንሱ። «ለሙከራ» ብለው ሳይሆን፣ «ተሳስቼ ነበር» ብለው፣ ልጅቷ እየሰማች፣ እናትዎ ከመተኛታቸው በፊት፣ በአፋን ኦሮሞ ይንገሯቸው። ከዚያም እናትዎ መጀመሪያ የሚናገሩትን ይጻፉልኝ።