በማይኤስኪውኤል ኢምፖርት ዳታ ስንጭን የተደገመ ቁልፍ ምን ይሆናል?

ማይኤስኪውኤል ኢምፖርት የጽሑፍ ፋይልን ከኮማንድ ላይን ወደ ቴብል የሚጭን ፕሮግራም ነው፤ የቴብሉን ስም ከፋይሉ ስም ይወስዳል። እዚህ የማየው የተደገመ ፕራይመሪ ኪ ሲመጣ የሚሆነውን ነው። በቴብሉ ውስጥ የተማሪ ቁጥር 105 ውጤት 60 ነው እንበል፤ በፋይሉ ደግሞ ታርሞ 75 ሆኖ መጣ።

1. --ኢግኖር ካልን 60 እንዳለ ይቆያል።
2. --ሪፕሌስ ካልን አሮጌው ረድፍ ወጥቶ አዲሱ ይገባል።
3. --ዲሊት ካልን ግን ቴብሉ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ባዶ ይደረጋል፤ በፋይሉ የሌለ ተማሪ ውጤቱ ጠፋ ማለት ነው።

ፋይሉ ከራሳችን ኮምፒውተር እንዲነበብ --ሎካል ብለን ከእነዚህ አንዱንም ካልጨመርን፣ ፕሮግራሙ እንደ --ኢግኖር ይሠራል። ስህተት ብሎ አይቆምም፤ እርማቱ ግን አልገባም። ስለዚህ መጨረሻ ላይ "ስኪፕድ" የሚለውን ቁጥር ሳናይ "አለቀ" አንበል ባይ ነኝ።