በተማሪ ፊት ላይ የሚታይ ሮዝ ነጥብ

ተመድበን በምንሄድበት ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ፊቱ ላይ ሮዝ ነጥብ ይዞ ቢመጣ ምን እንላለን? አንዳንዶቻችን «ፀሐይ መትቶት ነው» ብለን እናልፈዋለን። ሌሎቻችን ደግሞ «ነቀርሳ ነው!» ብለን ልጁንም ወላጁንም እናስደነግጣለን። ሁለቱም አይበጅም።

አስቀድመን የምናየው ነጥቡን ሳይሆን የልጁን ቆዳ ነው። ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም የፀሐይን ጨረር ይከላከላል። ስለዚህ በጥቁር ልጅ ፊት ላይ የሚታይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ነቀርሳ የመሆኑ ዕድል በጣም አነስተኛ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቋቁቻ ወይም ጭርት ነው። በጥጥ ሲነካ የማይሰማው ከሆነ ግን የሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በመድኃኒት ይድናል። ጥቁር ቆዳን ነቀርሳ አይነካውም ማለታችን ግን አይደለም፤ የሚወደው ውስጥ እግርንና ጥፍር ሥርን ነው። ቦብ ማርሊ እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመቱ የሞተው ከእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር በተነሣ የቆዳ ነቀርሳ ነው።

አልቢኖ የሆነ ተማሪ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሜላኒን በጣም ያንሰዋል፣ ወይም ጭራሽ የለውም። በደጋ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በዚህም ምክንያት ገና በወጣትነቱ ጆሮው፣ ከንፈሩ ወይም ማጅራቱ ላይ ነቀርሳ ሊወጣበት ይችላል። ችግሩ አጀማመሩ ብዙ ጊዜ አለማመሙ ነው። ሲዳሰስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ሮዝ ነጥብ ገና ነቀርሳ ባይሆንም ወደዚያ ሊለወጥ ይችላል። እንደ ዶቃ የሚያብለጨልጭ እብጠት፣ ወይም ቅርፊቱ ሲነሣ እየደማ ተመልሶ ቅርፊት የሚሠራ ቁስል ከሆነማ የበለጠ ያሠጋል። «ዳነልኝ» ሲል እንደገና ብቅ ይላል።

እኛ መምህራን ለዚህ የሚሆን መሣሪያ በእጃችን አለ፤ የስም መጥሪያው። ነጥቡን ያየንበትን ቀን በልጁ ስም ትይዩ እንጻፍ። በ4 ሳምንት ውስጥ ካልጠፋ ወላጁን ጠርተን ወደ ሐኪም እንዲወስደው እንንገረው። ቅጠል መቀባቱ ጊዜ ከመፍጀት በቀር የሚፈይደው የለም። ነቀርሳ መሆን አለመሆኑን የሚለየው ሐኪሙ ቁራጭ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲያስመረምር ነው፤ በጊዜ ከተደረሰበት ብዙውን ጊዜ በቀላል ቀዶ ሕክምና ይወገዳል።

እስከዚያው በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ «ባርኔጣህን አውልቅ» አንበለው። ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ፀሐይ ሜዳ ላይ አናቁመው፤ የስፖርቱ ክፍለ ጊዜ ወደ ማለዳ ይዛወርለት። ዓይኑም ስለሚደክም ከፊት ወንበር፣ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ ይቀመጥ።