አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ
(የሕዝብ ሥራዎችን ጥቅምና ወጪ ስለ ማመዛዘን)

በቅርቡ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የተነሳ አንድ ጥያቄ ክፍላችንን ለሁለት ከፍሎት ነበር። "ግድብ ተሠራ ማለት ልማት ተገኘ ማለት ነው ወይ?" የሚል ነው። ግማሾቻችን "እንዴታ!" አልን። ግማሾቻችን ደግሞ "ምን አጠጣ? ማንን አበላ?" ብለን ተከራከርን። ደወል ተደውሎ ክርክሩ ስላላለቀ፣ በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንቋጨው እንሞክራለን።

ሀ. ትርጉሙ

ነጋዴ የሚቆጥረው ወደ ኪሱ የሚገባውንና ከኪሱ የሚወጣውን ነው። የሕዝብ ሥራ ሲመዘን ግን የሁሉም ሰው ገንዘብ፣ ጉልበትና ጊዜ ይቆጠራል። አሳቡን ቀድመው ከጻፉት አንዱ ፈረንሳዊው የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ዡል ዱፑዊ ሲሆን ዘመኑም በ1844 እ.ኤ.አ. ነበር። በ1936 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ ባወጣችው የጎርፍ መከላከያ ሕግ፣ መንግሥት በሥራው የሚገባው ጥቅሙ ለማንም ይድረስ ለማን ከወጪው ሲበልጥ እንዲሆን ደነገገች።

ለ. ሦስት ደንቦች

1ኛ/ የሚነጻጸረው "ሥራው ቢሠራ" እና "ባይሠራ" ነው። ለምሳሌ ያህል ኢታንግ ላይ ባሮ እንዳይሞላ የአፈር መከላከያ ይሠራ ቢባል፣ ከጎርፍ የሚተርፈው ቤትና ከብት ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ ውሃው ሲሸሽ በወንዙ ዳር በሚቀረው እርጥብ ደለል ላይ በቆሎ የሚዘራ ገበሬ አለ። ደለሉ ከቀረበት ያ ምርት ከወጪው ጎን ይጻፋል።

2ኛ/ የዛሬ ብርና የነገ ብር እኩል አይደሉም። በዓመት 10 በመቶ ብናሰላ፣ ከ10 ዓመት በኋላ የሚገኝ 100 ብር ዛሬ የሚመዝነው 39 ብር ገደማ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ የሚገኘው ደግሞ 15 ብር ገደማ ብቻ!

3ኛ/ ድምሩ ከታወቀ በኋላ "ማን ከፈለ? ማን ተጠቀመ?" ተብሎ ይጠየቃል።

ሐ. የአልዌሮ ግድብ

ወደ ክርክራችን እንመለስ። በክልላችን በአቦቦ ወረዳ የሚገኘው የአልዌሮ ግድብ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተጀመረ ሲሆን፣ የታሰበው ወደ 10 ሺህ ሄክታር መሬት በመስኖ እንዲያለማ ነበር። ግድቡ ቆመ፣ ውሃውም ተጠራቀመ። ነገር ግን ውሃውን እስከ ማሳ የሚያደርሰው ቦይ ስላልተሟላ ለብዙ ዓመታት ለታሰበለት መስኖ ሳይውል ቆየ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሳውዲ ስታር የተባለ ኩባንያ በአካባቢው 10 ሺህ ሄክታር ለሩዝ እርሻ ተከራየ። በሐይቁ ዓሣ ማጥመዱም ጥቅም ነውና ይቆጠር። ታዲያ በሁለተኛው ደንብ ስናየው፣ ወጪው በሙሉ ዋጋው ቀድሞ ወጣ፤ የመስኖው ጥቅም ግን በዘገየ ቁጥር እየቀለለ ሄደ። በሦስተኛው ደንብ ደግሞ ውሃው ለማን ማሳ ይድረስ የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖቻችን ከፊል እውነት ነበራቸው፤ ጥቅም የሚገኘው ከግድቡና ከቦዩ አንድ ላይ ነው።

መ. በሰሌዳ ላይ እናስላ

ለማስተማሪያ እንዲሆነን ቁጥሩን ራሳችን እንስጠው። በአንድ የኢታንግ ቀበሌ የእጅ ፓምፕ ያለው ጉድጓድ በ300,000 ብር ይቆፈራል እንበል። የዓመት ጥገናው 10,000 ብር ነው። 40 ቤተሰቦች በየቀኑ አንድ አንድ ሰዓት ይተርፋቸዋል። ሰዓቱን በ5 ብር ብንተምነው፦

40 × 365 × 5 = 73,000 ብር በዓመት።

ፓምፑ 10 ዓመት ቢያገለግል (በ10 በመቶ፣ ማባዣው 6.1446)፦
ጥቅም 448,556፤ ወጪ 361,446፤ ጥቅም ለወጪ ሲካፈል 1.24። ያዋጣል።

በ3 ዓመቱ ተሰብሮ ቢቀር (ማባዣው 2.4869)፦
ጥቅም 181,544፤ ወጪ 324,869፤ ሲካፈል 0.56። ከሰረ!

ልብ እንበል፤ ጉድጓዱ ያው፣ ሕዝቡም ያው ነው። ልዩነቱን ያመጣው ፓምፑን የሚጠግን ሰውና የመለዋወጫ ገንዘብ መኖር አለመኖሩ ነው። ምረቃው ቀን ሪባን ሲቆረጥ ይሄ አይታይም።

ሠ. ማጠቃለያ

ነገ በየቀበሌው ስንመደብ ቃለ ጉባኤ ጻፉልን፣ ማመልከቻ አርቅቁልን መባላችን አይቀርም። ያን ጊዜ "ስንት ያስወጣል?" ብቻ ሳይሆን "ሲሰበር ማን ይጠግነዋል?" ብለን እንጠይቅ። ሒሳቡም ቢሆን እንከን አለበት። ከላይ ሰዓቱን 5 ብር ያልነው እኛ ነን። ውሃ ልትቀዳ ሄዳ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመለጣት ተማሪ ያጣችው ትምህርት በዚያ 5 ብር ውስጥ የለም። የድሃ ሰዓት በርካሽ ከተተመነ ለድሃ የሚሠራ ሁሉ የማያዋጣ ይመስላል። ስለዚህ ከመደመራችን በፊት ምን እንዳልተጻፈ እንይ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከላይ ያለው ሰዓት በ3 ብር ቢተመን ፓምፑ በ10 ዓመት ያዋጣል?
2. የተማሪዋን ሰዓት እናንተ በስንት ብር ትተምኑታላችሁ? ለምን?

መልሳችሁን ከዚሁ ጋዜጣ ሥር ለጥፉልን።