ማሳደርና ማቋቋም
(ቤት ስላጡ ቤተ ሰቦች)

ቤት ማለት ግድግዳና ጣራ ብቻ አይደለም። ባልና ሚስት የሚመካከሩበት፥ ልጅ የሚያድግበት፥ የታመመ የሚታከምበት፥ ሰው በስሙ ተፈልጎ የሚገኝበት ስፍራ ነው። ስለዚህ አንድ ቤተ ሰብ ቤቱን ባጣ ጊዜ የሚያጣው ማደሪያውን ብቻ ሳይሆን የኑሮውን ሥርዐት ሁሉ ነው። አባት ሥራ ፍለጋ ቢሄድ ዕቃውን የሚጠብቅለት የለም፤ እናት የምታበስልበት ምድጃ የላትም፤ የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣትም አድራሻ ይጠየቃል።

በቤተ ክርስቲያን ደጅ የምንሰጠው ምጽዋት የዕለቱን ረኃብ ያስታግሣል፤ ሊቀርም አይገባውም። ነገር ግን ዛሬ የመጸወትነውን ቤተ ሰብ ነገም ከዚያው ስፍራ ተቀምጦ እናገኘዋለን። ማሳደር ሌላ፥ ማቋቋምም ሌላ ነውና።

ይህን ከአባቶቻችን መካከል በሥራ የገለጠልን የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት በቀጰዶቅያ አገር ጽኑ ረኃብ በሆነ ጊዜ፥ ገና ቄስ ሳለ፥ ባለጸጎች ጎተራቸውን እንዲከፍቱ አጥብቆ አስተማረ። በአንዱ ስብከቱም፥ ከረኃብ የተነሣ ልጁን ለመሸጥ ተገዶ፥ ከልጆቹ የትኛውን እንደሚሰጥ የሚጨነቀውን አባት በሰሚዎቹ ፊት አቆመ። ይሁን እንጂ በቃል ብቻ አልቀረም፤ ከከተማው ውጭ ታላቅ የነዳያን መንደር አሠራ። በ370 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከተሾመ በኋላ ስለዚህ ሥራ የሚከሱት ሰዎች ስለ ተነሡ፥ ለአገረ ገዢው ለኤልያስ በጻፈው ደብዳቤ ሥራውን ዘርዝሮአል፤ ይኸውም ለእንግዶች ማረፊያ፥ ለድውያን ሐኪምና አስታማሚ፥ ደግሞም ለኑሮ የሚያስፈልጉ የእጅ ሥራዎችና የሥራ ቤቶች ናቸው። ከአልጋው አጠገብ የሥራ ቤት መኖሩን ልብ ይሏል።

በዘመናችንም መልካም ሥርዐት ያለው መጠለያ በዚሁ መንገድ ይሄዳል። አንደኛ፥ ባልን ከሚስት፥ እናትን ከልጆቿ ሳይለይ የሚዘጋ በር ያለው ክፍል ይሰጣል። ሁለተኛ፥ ቤተ ሰቡን ያፈረሰው ዕዳ ወይም በሽታ፥ የሥራ ማጣት ወይም የቤት ውስጥ ግፍ መሆኑን መርምሮ፥ ለየደዌው መድኃኒቱን ይፈልጋል። ሦስተኛ፥ ልጆች ከትምህርት እንዳይለዩ ይጠነቀቃል፤ በአሜሪካ አገር በ1987 (እ.ኤ.አ.) ወጥቶ ኋላ በተሻሻለው ሕግ፥ ቤት የሌለው ልጅ ማስረጃው ባይሟላ እንኳ ሳይዘገይ ወደ ትምህርት ቤት ይገባል። አራተኛ፥ ቤተ ሰቡ የራሱን ቤት እስኪይዝ ይረዳዋል፤ ከያዘም በኋላ ይጠይቀዋል። መጠለያ ድልድይ ነውና፥ በድልድይ ላይ የሚኖር የለም።

መጠለያ ሰውን ያሰንፋል የሚሉ አይታጡም። ሌሊቱን ልጆቹን ከብርድና ከሌባ ሲጠብቅ ያደረ አባት ግን ሲነጋ በምን ጉልበቱ ይሠራል? የሚያሰንፈውስ መግቢያ እንጂ መውጫ ያልተበጀለት መጠለያ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ትልቅ ሕንፃ ላላቸው ብቻ የተሰጠ ሥራ ነው አንበል። ሰበካ ጉባኤ ባዶ ክፍል ቢኖረው ለጥቂት ወራት ቢሰጥ፥ እድርተኞች የመጀመሪያውን የቤት ኪራይ ቢያዋጡ፥ የታወቀ ሽማግሌ ለተከራዩ ዋስ ቢሆን፥ ባለሙያም ለአንዱ ወጣት ሙያውን ቢያስተምር፥ አንድ ቤተ ሰብ ይቆማል። ከደጃችን የተቀመጡትን በምጽዋት ብቻ አልፈናቸው እንዳንሄድ፥ ደግፈን ለማቆም እግዚአብሔር ልቡናውንና ኃይሉን ይስጠን።