ስክሪኑ በባትሪ ብቻ የሚያስቸግር ላፕቶፕ፦ አዲስ ስክሪን ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አሰላ ላይ ላፕቶፕን በባትሪ መጠቀም የምርጫ ጉዳይ አይደለም። መብራት ሲሄድ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚጨርስ ተማሪም፣ የወረዳ ሪፖርት የሚያጠናቅቅ ባለሙያም የሚተማመነው በባትሪው ነው። በቆጂም ሆነ ሳጉሬ ነገሩ ያው ነው። ስለዚህ ሊኑክስ የተጫነበት ላፕቶፕ ከርነሉ ከታደሰ በኋላ ቻርጀሩ ሲነቀል ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ማለት ወይም መደብዘዝ ከጀመረ፣ «ሶኬት ላይ ሰክተህ ተጠቀም» የሚለው ምክር ለእኛ አይሠራም። ከዚያ ቀጥሎ የሚሰማው ምክር ደግሞ «ስክሪኑ ሞቷል፣ ይቀየር» የሚል ነው። ይህ ፍርድ ከሁሉም በኋላ መምጣት ያለበት ነው እላለሁ። ቻርጀር ሲሰካ የሚድን ስክሪን ብዙ ጊዜ አልሞተም።

ከርነል ፕሮግራሞችን ከዕቃው፣ ማለትም ከስክሪኑ፣ ከባትሪውና ከዲስኩ ጋር የሚያገናኘው የሊኑክስ አስኳል ነው። ለስክሪኑ ስንት ኃይል፣ መቼ እንደሚሰጥ የሚቆጣጠረውም እሱ ነው። አስኳሉ ሲታደስ ይህ ቁጥጥርም አብሮ ሊለወጥ ይችላል።

በመጀመሪያ ጥፋተኛው ሊኑክስ መሆን አለመሆኑን ይለዩ። ቻርጀሩን ነቅለው ላፕቶፑን ያጥፉና እንደገና ሲያበሩ ወደ ባዮስ ይግቡ፤ እንደ ላፕቶፑ ዓይነት ኤፍ2፣ ኤፍ10 ወይም ዲሊት ነው የሚጫኑት። እዚያ ገጽ ላይ ሊኑክስ ገና አልተነሣም። አሥር ደቂቃ ያህል ይቆዩበት፣ ክዳኑንም ቀስ ብለው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱት። ስክሪኑ እዚያም ከተርገበገበ ከርነሉን አይክሰሱ፤ ኬብሉ፣ ስክሪኑ ራሱ ወይም ባትሪው ነው የሚጠረጠረው። ክዳኑ ሲነካ ብቻ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ኬብሉ ቀድሞ ይታይ፤ ኬብል ከስክሪን እጅግ ይረክሳል።

ባዮስ ውስጥ ጤነኛ ከሆነ ወደ አሮጌው ከርነል ይመለሱ። ብዙ ሰው የማያውቀውና እኔ ከሁሉም አብልጬ የምመክረው ይህን ነው። ኡቡንቱ አዲስ ከርነል ሲጭን የቀድሞውን ወዲያው አያጠፋም፤ ፌዶራ እንደውም ሦስት ያህል ያስቀምጣል። ላፕቶፑ ሲነሣ ኢስኬፕን ወይም ሺፍትን ተጭነው «ግራብ» የሚባለውን ዝርዝር ያውጡ፤ በኡቡንቱ ከሆነ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ይግቡና ቁጥሩ አነስ ያለውን ከርነል ይምረጡ። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ ብር አያስወጣም፣ ፋይልዎንም አይነካም። በዚያ ከርነል አንድ ሙሉ ምሽት በባትሪ ይሥሩ። በአሮጌው ሰላም ሆኖ በአዲሱ ከታወከ ማስረጃው በእጅዎ ነው። እስከዚያው ድረስ የቆዩ ከርነሎችን የሚጠርገውን የ«ኦቶሪሙቭ» ትእዛዝ አይስጡ፤ መመለሻ መንገድዎን ሊያጠፋብዎ ይችላል።

እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥ ይደርሳል ወይ የሚል ካለ፣ የ2015 ዓ.ም. መስከረምን ላስታውስ። በመስቀል ማግስት ከርነል 5.19.12 ወጣ። ወዲያው የኢንቴል ግራፊክስ ያላቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ስክሪን ነጭ ብልጭታ ይረጭ ጀመር። የኢንቴሉ መሐንዲስ ቪሌ ሲርያላ ከተጠቃሚዎች የመጣውን መዝገብ ሲመረምር፣ ለስክሪኑ ኃይል ሲሰጥና ሲቋረጥ መጠበቅ ያለበት የጊዜ ልዩነት የተሳሳተ ሆኖ አገኘው፤ ይህም ስክሪኑን ሊጎዳ ስለሚችል የኢንቴል ግራፊክስ ባለው ላፕቶፕ ላይ ያን ከርነል ማንም እንዳይጠቀም አስጠነቀቀ። የከርነሉን እርማቶች የሚያወጣው ግሬግ ክሮኣ ሃርትማን ስህተቱን የሚመልሰውን 5.19.13 ያወጣው ሳምንት ሳይሞላ ነው። ያ ችግር ባትሪን ብቻ የሚጠብቅ አልነበረም። የሚያስተምረው ግን ግልጽ ነው፦ ስክሪን ተበላሸ የሚያሰኝ ምልክት ከከርነል ሊመጣ ይችላል፤ ደግሞም ነጩ ብልጭታ ከበረታ «ትንሽ ልይ» ሳይሉ ላፕቶፑን ወዲያው ማጥፋት ይገባል። ያን ጊዜ ጤነኛ ስክሪኑን የቀየረ ሰው ቢኖር፣ አዲሱም ያው ብልጭታ ይጠብቀው ነበር።

አሁን ምልክቱን አስተውለው ይዩት። ስክሪኑ ሳይንቀጠቀጥ ቀለሙ ብቻ ከገረጣ፣ ፎቶው ታጥቦ የወጣ ከመሰለ፣ ላፕቶፑም የኤ.ኤም.ዲ. ከሆነ፣ ምናልባት ብልሽት የሚባል ነገር የለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የወጡ ሥርዓቶች በባትሪ ጊዜ የስክሪኑን መብራት ቀንሰው ቀለሙን በማስተካከል ኃይል የሚቆጥቡበት ዘዴ አላቸው። ሴቲንግስ ውስጥ ፓወር የሚለውን ይክፈቱና «ባላንስድ» ወይም «ፓወር ሴቨር» ከነበረ ወደ «ፐርፎርማንስ» ይለውጡት። ቀለሙ ከተመለሰ ነገሩ አለቀ፤ ባትሪው ትንሽ ቀደም ብሎ ማለቁን ግን ያስቡበት።

ገጹ ዝም ብሎ ሲቆም የሚርገበገብ፣ ማውዝ ሲነካ የሚረጋ ከሆነ ሌላ ነው። ተራ ስክሪን ምንም ባይለወጥም በሰከንድ 60 ጊዜ ያንኑ ምስል ከግራፊክሱ ይቀበላል። ኃይል ለመቆጠብ ሲባል ስክሪኑ ምስሉን በራሱ ማኅደረ ትውስታ ይዞ ግራፊክሱ እንዲያሸልብ የሚያደርግ ስልት አለ፤ ፒ.ኤስ.አር. ይባላል። ሁለቱ ሲነቃቁ እኩል ካልተራመዱ ስክሪኑ ይርገበገባል። ፒ.ኤስ.አር. በቻርጀርም ይሠራል፤ በባትሪ ግን ሌላውም የኃይል ቁጠባ ስለሚጠብቅ ችግሩ ይብስ ይሆናል። ለአንድ ማብራት ብቻ የሚያጠፋው ትእዛዝ ግራብ ላይ ይጻፋል፤ ላፕቶፑ እንደገና ሲነሣ ይረሳዋል፣ ስለዚህ ለሙከራ አያስፈራም። ጠጋኙ ዘንድ ሲሄዱም «ስክሪኑን እይልኝ» ከማለት «መጀመሪያ ፒ.ኤስ.አር. አጥፍተህ በባትሪ ሞክርልኝ» ይበሉት።

«ፎርማት አድርገው» ለሚልዎ አይቸኩሉ። የኡቡንቱ መጫኛ ብቻውን ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው፤ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ቀላል ወጪ አይደለም። ደግሞም ያው አዲስ ከርነል ተመልሶ ከመጣ ችግሩም አብሮት ይመጣል። የቆየ መጫኛ የያዘ ፍላሽ ያለው ሰው ካገኙ ግን፣ ሳይጭኑት ከፍላሹ አስነሥተው በባትሪ ይሞክሩት።

ስክሪን መግዛት ተገቢ የሚሆነው ባዮስ ውስጥም ከታመመ፣ በአሮጌው ከርነልም ካልዳነ፣ ኬብሉም ከተፈተሸ፣ በኤችዲኤምአይ የተገናኘው ቴሌቪዥን ደግሞ በዚያው ሰዓት ጥርት ብሎ ከታየ ነው። ያኔ 175 ኪሎ ሜትር ርቃ ካለችው አዲስ አበባም ቢሆን ይዘዙ፤ ትክክለኛው የስክሪን ቁጥር ከጀርባው ላይ ስለተጻፈ ሳያዩት አይክፈሉ።

ጥፋቱ የከርነሉ ከሆነ ግን የላፕቶፑን ሞዴል፣ የሚሠራውንና የማይሠራውን ከርነል ቁጥር፣ «በባትሪ ብቻ» የሚለውንም ጽፈው ለኡቡንቱ ወይም ለፌዶራ ባለሙያዎች ይላኩ። የ2015ቱ ስህተት ቶሎ የታረመው ተጠቃሚዎች ስላሳወቁ ነው። ከአሰላ የሚላክ አንድ ሪፖርት መብራት በሚሄድበት ቦታ ሁሉ ላሉ ሰዎች ይጠቅማል፤ እባክዎ ይላኩት።